የ2019 ጥምቀት ባሕር ዳር፦ በስንት ሰዓት ምን ይበላል፣ የት ይዋላል?

መንገደኛ14፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለጥምቀት 14 ሰው ሆነን ባሕር ዳር እንገባለን። አራቱ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ጉልበታቸው ዳገት የማይወድ እናቶች። ጥር 9 ማታ ደርሰን ጥር 13 ጠዋት እንወጣለን። የሆቴል ስም አንጠይቅም፣ የምንፈልገው ሰዓት ነው፦ ታቦቱን ሳንጋፋ የምናይበት፣ ትኩስ አሳ የሚገኝበት፣ በጀልባ ለመውጣት የሚመች ሰዓት። የምታውቁ ጻፉልን።

ሽምብጥ_ማዶ፦
ከሰዓቱ በፊት ቀኑን እንቁጠር። በ2019 ጥር 10 ሰኞ፣ 11 ማክሰኞ፣ 12 ረቡዕ ይውላል። ሰኞ ከተራ ነው፣ ገሃድም ስለሆነ ይጾማል። ማክሰኞ ጥምቀት፣ ፍስክ። ረቡዕ ቃና ዘገሊላ ነው፣ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት። ግን ረቡዕ ረቡዕ ነውና የሚጾመው ሰው ይጾማል። ስለዚህ ከሦስቱ ቀን ሥጋ በነጻነት የሚበላው ማክሰኞ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ከተማው በሙሉ ባንድ ጊዜ ይራባል። 14 ሰው ይዞ በ7 ሰዓት ሥጋ ቤት መግባት ዘበት ነው። ወይ ታቦቱን በቶሎ ሸኝታችሁ በ5 ሰዓት ተቀመጡ፣ ወይ ልጆቹን ዳቦ አብልታችሁ 10 ሰዓት ጠብቁ።

ከተራ ላይ ታቦታቱ ከየደብሩ የሚነሱት ከሰዓት ነው፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እንደየርቀታቸው። ሁሉም የሚሳሳተው ጥምቀተ ባሕሩ በር ላይ ሄዶ ይጠብቃል። ግፊያው ያለው እዚያው በሩ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ከየመንገዱ የመጣው ሰልፍ አንድ ቦታ ይገናኛል። እናቶቻችሁን ከደብሩና ከጥምቀተ ባሕሩ መካከል፣ መስቀለኛ መንገድ ያልሆነ ቦታ፣ ጥላ ባለበት በኩል አስቀምጧቸው። ተጣጣፊ ወንበር ያዙ። ታቦት ሲያልፍ ይነሳሉ፣ ካለፈ በኋላ ይቀመጣሉ። ባጃጅ በዚያ ሰዓት በዋናው መንገድ አያልፍም፣ ስለዚህ በእግር ወደ ማረፊያችሁ የሚያስገባችሁን የውስጥ መንገድ ቀድማችሁ ዕወቁ።

ሌሊቱን ለማደር የምታስቡ ጋቢ ያዙ። ቀኑ ሞቃት ነው ተብሎ በሸሚዝ የሚመጣ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያሳዝናል። ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ ስልክ በፌስታል።

ደንገል፦
የጀልባውን ነገር ለኔ ተዉት።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። አማካይ ጥልቀቱ 9 ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቅ የሚባለውም ቦታ 14 ሜትር አካባቢ። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲነካው ረጅም ማዕበል አያነሳም፤ አጭርና ተከታታይ ማዕበል ነው የሚያነሳው፣ ጀልባን ከፊት ለፊት ጠፍ ጠፍ የሚያደርግ። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ይተኛል። ቀትር ካለፈ በኋላ የብሱ ሲግል ከሐይቁ ወደ ከተማው ነፋስ ይነሳል። ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ፣ 6 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ መሬት ርገጡ። «ከምሳ በኋላ እንሂድ» ያለ ሰው ረጥቦ ይመለሳል፣ ልጆቹም ያስታውካቸዋል።

ለእናንተ የሚሆነው ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ባለጀልባውም፣ መሪጌታውም፣ እናንተም በዓል ላይ ናችሁ።

የት? ዘጌ በሞተር ጀልባ ከ40 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከጀልባ ማቆሚያው በጫካ ውስጥ ዳገትና ድንጋይ አለው፣ ጉልበት ለሚያማቸው ይከብዳል። አዝዋ ማርያም መንገድ ላይ ስለሆነች እናቶች እዚያ ቆይተው ሌላው ወደ ዑራ መቀጠል ይችላል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። እንጦስ ኢየሱስ ግን ከጎኑ ነው፣ ይገባል። ዳጋ እስጢፋኖስን በአንድ ጠዋት አታስቡት፣ ሩቅ ነው፣ ሴትም አይገባም። ዳገት ጨርሶ አንፈልግም ካላችሁ ደብረ ማርያም ቅርብ ናት፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አጠገብ። ጉማሬም እዚያው ሰፈር ይታያል። ባለጀልባው ወደ ጉማሬ እንዲጠጋ አትገፋፉት። የሚርቀው ስላወቀ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን ተስማሙ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በሰው፣ ስንት ቦታ ይቆማል፣ በእያንዳንዱ ቦታ ስንት ይጠብቃል። የገዳማቱ መግቢያ ከጀልባው ዋጋ ውጭ ነው፣ በየገዳሙ ይከፈላል፣ ደረሰኝ ይሰጣል። የሕይወት አድን ጃኬቱን ልጆቹን አልብሳችሁ ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮው ድረስ ከወጣ ትልቅ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሾልኮ ይቀራል። ሌላ ጠይቁ።

የደንገል ታንኳ መቀመጥ ያማረው ደግሞ ዳር ዳሩን፣ ጠዋት፣ ቂጡ እንደሚረጥብ አውቆ። ደንገል ውሃ እየጠጣ ነው የሚሄደው፣ ደርቆ የሚቀር መቀመጫ የለም።

የድሮ_አስጋሪ፦
አሳውን እኔ ልናገር።

ገበያ የሚወጣው ሦስት ዓይነት ነው፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ። ቀረሶ ለጥብስ ነው፣ ሥጋው ነጭ፣ እሾሁ ትልልቅና የሚታይ። ለልጆች የሚሰጠው እሱ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ስቡ ብዙ ነው፣ ጭቃ ጭቃ ሊሸት ይችላል። ለጉላሽ ይሻላል። ነጭ አሳ ጣዕሙ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ፣ ነገር ግን በሥጋው ውስጥ እንደ ባላ የተከፈለ ቀጭን እሾህ ሞልቶታል። የማያውቅ ሰው አንድ ጊዜ በልቶ ሁለተኛ የማይነካው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ መተልተል ነው። ቅርፊቱን ፍቃችሁ፣ ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ፣ ከጎድኑ ጀምራችሁ ወደ ጭራው በየ3 እና 4 ሚሊ ሜትሩ ቢላውን ወደ መሃል አጥንቱ እስኪደርስ አስገቡ። ቢላው እሾሁን ሲቆርጥ ቅጭ ቅጭ ይላል፣ በጆሮ ይሰማል። ካልተሰማ አልደረሳችሁም። የተቆራረጠው እሾህ የጋለ ዘይት ሲገባበት እንደ ቆሎ ይሆናል፣ ከሥጋው ጋር ይታኘካል። ቀረሶን እንዲህ አታድቅቁት፤ በየጎኑ ሦስት ወይም አራት ሰንጠቅ በቂው ነው።

ስትገዙ ስንጥቡን ግለጡ። ቀይ ከሆነ ጥሩ፣ ቡኒ ከሆነ ያደረ፣ ግራጫ ከሆነ ተዉት። ዓይኑ ወደ ውጭ ወጣ ያለና ጥርት ያለ ይሁን። ጎኑን በጣት ጫን ስትሉት የጣት ምልክት የሚቀር ከሆነ ሻጩ «አሁን የወጣ ነው» ቢላችሁ አትስሙ።

መረብ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ትኩስ አሳ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ላይ በረዶ ሳይነካው ፀሐይ ላይ የተደረደረ አሳ ካያችሁ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነው ያለው።

የሰፈር_ወጣት፦
ክሩን ልጥለፈው፣ ይቅርታ መንገደኛ14። የሰፈራችን ወጣቶች ጥር 12 ከታቦት መግቢያ በኋላ ሐይቁ ዳር ድንኳን ጥለን ለ100 ሰው አሳ ጥብስ ልናቀርብ ነው፣ ገቢው ለሰፈር ሥራ። ጋሼ፣ ለጥር 12 የሚሆነው አሳ የሚገዛው መቼ ነው? በዓል ነው፣ ማን ሐይቅ ይገባል?

የድሮ_አስጋሪ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከተራ ማታ መረብ የሚጥል፣ ጥምቀት ጠዋት የሚያወጣ ጥቂት ነው። ያለውም ዋጋው ይሰቀላል። ጥር 10 ጠዋት ግዙ፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። በገዛችሁ በሰዓቱ ሆዱን አጽዱ፣ ስንጥቡን አውጡ፣ እጠቡ፣ በረዶ ውስጥ አስገቡ። በደንብ በረዶ የለበሰ ቀረሶ ሁለት ቀን ምንም አይሆንም። በረዶ ያላገኘው ግን በዚህ ሙቀት እስከ ማታም አይደርስም።

አሞላሉ፦ ከታች በረዶ፣ አንድ ድርድር አሳ ሆዱ ወደ ታች፣ በረዶ፣ አሳ፣ ከላይ በረዶ። በኪሎ አንድ ለአንድ ይሁን። የሳጥኑ የታች ቀዳዳ ክፍት ይሁን፣ የቀለጠው ይውጣ። የቀለጠ ውሃ ውስጥ የተኛ አሳ ሥጋው ይነጣል፣ ይፈርሳል፣ ይሸታል። ጥር 11 ከሰዓት አንድ ጊዜ በረዶ ጨምሩበት። በበዓል ቀን የበረዶ መሸጫው ሊዘጋ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ድስትና_ዘይት፦
ለ100 ሰው ስሌቱ ይኸውላችሁ።

ሙሉ አሳ ከሆነ አንድ ሰው አንድ ቀረሶ፣ ከ300 እስከ 350 ግራም የሚመዝን። 35 ኪሎ ግዙ። ፊሌቶ ከሆነ ለአንድ ሰው 150 ግራም ያዙ፣ 15 ኪሎ ፊሌቶ ማለት ነው። ከቀረሶ የሚወጣው ፊሌቶ የክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሆነ 45 ኪሎ ሙሉ አሳ ይጠይቃል። እኔ ሙሉውን እመክራለሁ፣ ፊሌቶ ማውጣት ለለመደ ሰው ነው፣ ያልለመደ ግማሹን ሥጋ አጥንቱ ላይ ይተወዋል።

ጨው 350 ግራም። ፉርኖ ዱቄት 2 ኪሎ ተኩል። ሎሚ 80 ፍሬ። ዘይት 15 ሊትር፦ አምስት አምስት ሊትር በሁለት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ቀሪው መጨመሪያ፣ ምክንያቱም አሳውና ዱቄቱ እየጠጡት ይሄዳሉ። ድስቱ ከግማሽ በላይ ዘይት አይያዝ፤ እርጥብ አሳ ሲገባ አረፋው ወደ ላይ ይመጣል፣ ከሰሉ ላይ ከፈሰሰ እሳት ነው።

አሁን ሥራው። አሳውን ከበረዶ አውጥታችሁ በጨርቅ አድርቁ፣ በተለይ የሆዱን ውስጥ። ሎሚና ጨው ቀቡት። ሎሚው ከ20 ደቂቃ በላይ አይቆይበት፣ ሥጋውን ያበስለውና ዘይት ውስጥ ሲገባ ይበጣጠሳል። ዱቄቱ የሚነካው ሊጠበስ ሲል ብቻ ነው። «ሥራ እናቅልል» ብሎ 100 አሳ ቀድሞ ዱቄት ያለበሰ ሰው ሊጥ የለበሰ አሳ ነው የሚያገኘው፤ ጨው ውሃ ያወጣል፣ ውሃው ዱቄቱን ያቦካዋል፣ ቅርፉ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ አሳው ራቁቱን ይወጣል።

የዘይቱን ግለት ያለ ቴርሞሜትር ለማወቅ ቁራሽ እንጀራ ጣሉበት። ሰምጦ ከቆየ ገና ነው። ወዲያው ተንሳፍፎ ዙሪያውን ከተንቸፈቸፈ ደርሷል፣ 175 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። ዘይቱ ከጨሰ አልፏል። በአንድ ድስት አራት አሳ፣ ከዚያ በላይ በፍጹም። አራቱ ቀዝቃዛ ስለሆኑ ዘይቱን ያበርዱታል፤ ስድስት ካደረጋችሁ ዘይቱ ሳይጠብስ ይቀቅላል፣ አሳው ዘይት የጠጣ ስፖንጅ ይሆናል። ከገባ በኋላ ሦስት ደቂቃ አትንኩት። ቅርፉ ሳይያዝ የተገላበጠ አሳ ቆዳው ይላጣል። በጠቅላላው ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። ከጭንቅላቱ ኋላ ያለውን ወፍራም ቦታ በሹካ ገለጥ አድርጉት፦ ሥጋው ከአጥንቱ ከተላቀቀና ካልደማ በስሏል።

ሁለት ድስት፣ አራት አራት አሳ፣ 10 ደቂቃ፤ በሰዓት 48 አሳ ነው። 100 ለማድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሰልፉን በዚህ ልክ በቲኬት ክፈሉት፣ 50ው በ7 ሰዓት፣ 50ው በ8። ሁሉንም በአንድ ሰዓት ከጠራችሁ 50 የተራበ ሰው ቆሞ ያያችኋል።

ዘይት ቢያቃጥል ውሃ አትድፉ! ክዳን ድፉበት፣ ከሰሉን ጎትቱ። አሸዋ በባልዲ አጠገቡ ይቀመጥ።

ፔዳ_በር፦
ዱቄቱ ላይ በርበሬ ወይም አዋዜ የሚቀላቅሉ አሉ፣ ቀለሙ ያምራል። ምን ትላላችሁ?

ድስትና_ዘይት፦
ቤት ውስጥ ለአምስት ሰው ይሁን። ለ100 ሰው ግን በርበሬው ዘይቱ ውስጥ ይረግፋል፣ ያራል፣ ከ20ኛው አሳ በኋላ ዘይቱ ጠቁሮ ይመራል። ዳጣውን፣ አዋዜውን፣ ሚጥሚጣውን ሳህን ላይ አቅርቡ። በየ10 አሳው በማጥለያ የረገፈውን ዱቄት ልቀሙ፣ ያረረ ዱቄት ነው ዘይቱን የሚገድለው።

ደንገል፦
የነፋሱን ነገር አትርሱ። በዚያ ሰዓት ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል ብያለሁ። ስለዚህ እንግዳው በሐይቁ በኩል፣ ምድጃው በከተማው በኩል ይሁን፤ ጭሱም የዘይቱም ሽታ ከሰው ይርቃል። ብዙዎች ምድጃውን ውሃው ዳር አድርገው ሰዉን ከኋላ ያስቀምጡና ሁሉም እያለቀሰ ይበላል። ምድጃውን በሦስት ጎን በቆርቆሮ ከልሉት። ነፋስ የነካው ከሰል አንዱን ድስት ያጋየዋል፣ ሌላውን ያበርደዋል። ድንኳኑን በችካል ብቻ አትመኑት፣ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ በየማዕዘኑ እሰሩበት።

የሆድ ዕቃውንና የተረፈውን ዘይት ሐይቁ ውስጥ መድፋት ነውር ነው። ዘይቱን በጀሪካን መልሱ።

እናት_ማዕድ፦
ልጆቼ፣ ረቡዕ መሆኑን ረስታችሁታል እንዴ? አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እዚህ አንክፈተው፣ አያልቅም። የማይበላው ሰው ግን ይመጣል። ከ100ው ለ40 ሰው ሽሮ አስቡ፦ ሽሮ 2 ኪሎ፣ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ዘይት ሊትር ከሩብ፣ ውሃ 11 ሊትር ገደማ። ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ዘይቱ ከአሳው የተለየ ይሁን። አሳ የነካ ጭልፋ ሽሮ ውስጥ ከገባ ያ ድስት ለጿሚው ተበላሸ፣ ይቅርታ ብትሉም አይበላውም። በእኛ ከፍታ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ሽሮው እስኪንተከተክና ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪለቅ ጊዜ ስጡት፣ 40 ደቂቃ። እንጀራ ለአንድ ሰው ሁለት ስትሉ 200 ነው፣ ዳቦ ካለ 160 ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ደስ ብሎኛል። አሳ መምረጣችሁ። ሥጋ ቢሆን ማን አረደው ይባላል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሁለት ድስት ይጣዳል። አሳ ቢላ አይጠይቅም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይቆርሳል። ይህንን መጥሪያው ላይ ጻፉት።

የሰፈር_ወጣት፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን፣ መጥሪያው ላይ ይገባል። ጠላም አስበን ነበር።

እናት_ማዕድ፦
ካሰባችሁ ጥንስሱ ከታኅሣሥ ማብቂያ አይለፍ። ጥር 5 ተጠንስሶ ጥር 12 የሚቀዳ ጉሽ ነው፣ ሆድ ይነፋል፣ ሰዉም በነጋታው ያማችኋል።

መንገደኛ14፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የረቡዕ ምሳችን ተገኝቷል ማለት ነው፣ 14 ቲኬት ያዙልን፣ ሁለቱ ሽሮ። ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይፈልጋሉ፣ የት ይሻላል?

ደንገል፦
ሐይቁ ውስጥ አይዋኙ። ዳር ዳሩ ላይ፣ ሣርና ደንገል ባለበት ረጋ ያለ ውሃ፣ ቢልሃርዚያ አለ። የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው እዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው፣ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው፣ መጠጣት አያስፈልግም። እግር ማጥለቅም ያው ነው፣ ቅድም ያልኩት የደንገል ታንኳም ስለሚያረጥብ ልጆቹን አታስቀምጡበት። ከጀልባ ሲወርዱ ጫማቸው ቢረጥብ ወዲያው በፎጣ አድርቁላቸው። መዋኛ ያለው ሆቴል በሰዓት ያስገባል፣ እዚያ ውሰዷቸው። ከሰዓት ቤዛዊት ኮረብታ ውሰዷቸው፣ ዓባይ ከላይ ሆኖ ይታያል፣ ዋና ያስረሳቸዋል።

ሽምብጥ_ማዶ፦
ጢስ ዓባይን ያልጠቀሳችሁት አውቃችሁ ነው? 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ጥር ላይ ነሐሴና መስከረም ላይ በፎቶ የምታዩትን አትጠብቁ። ክረምቱ አልፏል፣ ከውሃውም ለኃይል ማመንጫ የሚወሰድ አለ። ለእናቶቹ የእግር መንገዱም ቀላል አይደለም። ጊዜያችሁ ሦስት ቀን ከሆነ ለሌላ ወቅት ተዉት። ይልቅ የሚቆይ ሰው ካላችሁ ጥር 23 እንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ፣ ዘንድሮ እሑድ ይውላል። መንገዱን በተመለከተ ግን ከመነሳታችሁ በፊት የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን የአካባቢውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

መንገደኛ14፦
የመጨረሻ። ከዘጌ ቡና መግዛት ያዋጣል?

ደንገል፦
ያዋጣል፣ ጥር ላይ በየደጃፉ ተሰጥቶ ታዩታላችሁ። ዘጌ በሬ ጠምዶ አላረሰም፣ የኖረው በቡናና በጌሾ ነው። የአገሩ ሰው ቡናው ከአቡነ በትረ ማርያም በትር በቀለ ይላል። ስትገዙ ፍሬውን በጥርስ ንከሱት። ጥርስ ከገባበት አልደረቀም፣ ከነእርጥበቱ ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ውሰዱ። አንድ ኪሎ ጥሬ ሲቆላ 800 እና 850 ግራም ይሆናል፣ የጎደለው ውሃ ነው እንጂ ሻጩ አልሰረቃችሁም። ስትመለሱ ግን ከረጢቱን ጀልባው ወለል ላይ፣ ከእግራችሁ ሥር አታስቀምጡት። የሚረጨው ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ጭናችሁ ላይ ይሁን።